ከሲማያ እስከ ክርስትና፦ በካርቱም ሕፃናት ወደ እምነት የሚገቡባቸው የቡራኬ ሥርዓቶች

ገና መናገር ያልጀመረ ሕፃን ስለ ሃይማኖት ምን ሊረዳ ይችላል? ምንም አይረዳም። ያም ሆኖ ብዙ እምነቶች ልጁን በጸሎት፣ በውኃና በስም የሚቀበሉት በዚሁ ዕድሜ ነው። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት ካርቱምና በአጎራባቿ ኦምዱርማን የሚፈጸሙት ሥርዓቶች የዚህን ምክንያት ያሳያሉ።

ሰባተኛው ቀን

ሕፃን በሙስሊም ቤተሰብ ሲወለድ በጆሮው መጀመሪያ የሚደርሰው የአዛን ድምፅ ነው። በሰባተኛው ቀን ሱዳናውያን ‘ሲማያ’ የሚሉት የስም ማውጣት ሥርዓት ይከናወናል። አቂቃ ይታረዳል። በተለመደው ሥርዓት ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ነው። ሥጋው ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለድኾች ይከፋፈላል። የሕፃኑ ፀጉር ተላጭቶ ክብደቱን የሚያህል የብር ዋጋ መመጽወትም የተወደደ ነው። ሕፃኑ ስሙን የሚያገኘው በብዙ ሰው ፊት፣ ለሌሎች ከተደረገ ልግስና ጋር ነው።

እናቲቱ ለአርባ ቀን አራስ ሆና ትቆያለች። በናይል ዳርቻ በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዘንድ ይህ ጊዜ ሲያበቃ ሴቶች ተሰብስበው እናትና ልጅን ወደ ወንዙ ይወስዳሉ። በውኃው ፊታቸውን ያብሳሉ፤ እህል ወይም ምግብም ወደ ወንዙ ይጥላሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ከእስልምና በፊት ከነበረችው ክርስቲያን ኑቢያ ጋር ያያይዙታል። ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ በጥቁር ዓባይ ዳር የምትገኘው ሶባ የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። እ.አ.አ. በ580 ሚስዮናዊው ሎንጊኖስ ወደ አልዋ ደርሶ ንጉሡን እንዳጠመቀ የኤፌሶኑ ዮሐንስ መዝግቧል።

አርባና ሰማንያ

በከተማዋ የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ኦርቶዶክሳውያን እንዲሁም ግብፃውያን ኮፕቶች ወንድ ልጅን በአርባ፣ ሴት ልጅን በሰማንያ ቀን ያስጠምቃሉ። የቀኖቹ ቁጥር ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ጋር ይያያዛል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት መግባታቸውን የሚተርከው መጽሐፈ ኩፋሌ ይጠቀሳል።

ካህኑ ሕፃኑን በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ በውኃ ውስጥ ያጠልቀዋል፤ ሜሮን ይቀባዋል፤ የክርስትና ስም ይሰጠዋል፤ በአንገቱ ማተብ ያስርለታል። ሕፃኑ በዚያው ዕለት ቅዱስ ቁርባን ይቀበላል። ስለ እርሱ ቃል የሚገባው የክርስትና አባቱ ነው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ የክርስትና እናቷ ናት። ለስደተኛ ቤተሰብ ይህ ትርጉሙ ትልቅ ነው። አጎትና አክስት፣ አያትና ጎረቤት በሌሉበት አገር፣ ለልጁ ዘመድ የሚሆንለት ሰው የሚገኘው በዚህ ሥርዓት ነው።

ክርና ውኃ በሌላ እምነት

ሩቅ በሆነው በቡድሂዝም ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ስሪ ላንካ፣ ታይላንድና ምያንማርን በመሳሰሉ አገሮች ልጅን የእምነቱ አባል የሚያደርግ፣ ከጥምቀት ጋር የሚመሳሰል ግዴታ የለም። ነገር ግን ወላጆች ሕፃናትን ወደ ገዳም ይወስዳሉ። መነኮሳቱ በፓሊ ቋንቋ የጥበቃ ጸሎት ይደግሙላቸዋል፣ ውኃ ይረጩባቸዋል፣ በእጅ አንጓቸው ላይ የተጸለየበት የጥጥ ክር ያስሩላቸዋል። በቡድሃ፣ በትምህርቱና በመነኮሳት ማኅበር መጠጊያ ማድረግን ልጁ ራሱ የሚናገረው አፉን ከፈታ በኋላ ነው።

በምያንማር ‘ሺንብዩ’ በሚባለው ሥርዓት ወንዶች ልጆች እንደ መስፍን ይለብሳሉ፤ ልዑል ሲዳርታ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ የወጣበትን ታሪክ ያስታውሳሉ። ከዚያም ፀጉራቸውን ተላጭተው ለጥቂት ጊዜ በገዳም ይቀመጣሉ። ትውፊቱ የቡድሃ ልጅ ራሁላ በሰባት ዓመቱ ረድእ መሆኑን ይተርካል።

ቡራኬው መጀመሪያ ነው

በሦስቱም እምነቶች ቡራኬው ብቻውን አያስተምርም። ሥራው ልጁን ለሚያስተምሩት ሰዎች አደራ መስጠት ነው። በሱዳን ይህን አደራ የሚረከበው ‘ኸልዋ’ የሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ነው። ልጆች አንቀጾችን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያጠናሉ። ተማሪው የተወሰነ ክፍል ሲያጠናቅቅ ሰሌዳው በቀለም ያጌጣል፤ ቤተሰብም በስጦታ ያከብረዋል። ከካርቱም በስተምሥራቅ በኡም ደዋንባን የሚገኘው ታዋቂ ኸልዋ ተማሪዎች በሌሊት በሚያነቡበት የእሳት ብርሃን ይታወቃል። የኢትዮጵያ የቄስ ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም።

እ.አ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተቀሰቀሰው ጦርነት የጎዳው ይህንን የሰዎች ትስስር ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀዋል። ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረዋል። ጦሩ በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ቢቆጣጠርም፣ የተበተነው ጎረቤት ሁሉ አልተመለሰም።

ሲማያ በመጠለያ ድንኳን ውስጥም ሊደረግ ይችላል፤ ጥምቀትም በሌላ ከተማ ባለ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ስምም፣ ውኃም፣ ክርም ከቤተሰቡ ጋር ይሰደዳሉ። ለመተካት የሚከብደው በሰባተኛው ቀን ሥጋውን የተካፈለው ጎረቤትና በአርባኛው ቀን ቃል የገባው የክርስትና አባት ነው። ልጁ አድጎ ስለ ስሙ ሲጠይቅ መልስ ይሰጡታል ተብለው የታሰቡት እነርሱ ነበሩና።