በስህተት የሚጀመር ሒሳብ

ተማሪ ሳለን "ኤክስን ፈልጉ" ተብለን ስንት ደብተር ጨረስን! ለአብዛኞቻችን የተገኘችው ኤክስ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የሚመቱብን ነበረች። ፍለጋው ግን ፊደሏ ሒሳብ ውስጥ ከመግባቷ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ተጀምሯል፤ ያኔ ደግሞ መሳሳት ነጥብ አያስቀንስም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 አሌክሳንደር ሄንሪ ራይንድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ግብፅ፣ ሉክሶር ላይ አንድ ፓፒረስ ገዛ። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። አህሜስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ከቆየ ጽሑፍ ገልብጦታል። አብዛኛው ዳቦ ማከፋፈል፣ እህል መስፈርና መሬት መለካት ነው። ጥያቄ 24 ግን ዳቦም መሬትም የለበትም፦ አንድ መጠንና የመጠኑ ሰባተኛ ሲደመሩ 19 ይሆናሉ፤ መጠኑ ስንት ነው? "መጠን" ያልነውን የግብፆች ቃል ሊቃውንቱ "አሃ" ብለው ያነቡታል። (ከኛው "አሃ!" ጋር ዝምድና የለውም እንጂ ቢኖረው ደስ ባለን።)

አህሜስ 7 ነው ብሎ ይነሳል። እንዳልሆነ ያውቃል። 7ን የመረጠው ሰባተኛው ልክ 1 ስለሚሆንለት ነው። 7 እና 1፣ 8። የሚፈለገው ግን 19 ነው። 8ን በስንት ብናባዛው 19 ይሆናል? በ2፣ 16፤ 3 ይቀራል። የ8 ሩብ 2 ነው፣ የ8 ስምንተኛ 1፤ ሞላ። ማባዣው 2 ከሩብ ከስምንተኛ ሆነ ማለት ነው። አሁን ያንን የተሳሳተ 7 በዚሁ ያባዛዋል፦ 16 ከግማሽ ከስምንተኛ። ሰባተኛውን ጨምራችሁ ደምሩት፤ 19 ይመጣል።

መንገዱን ያሳየው በ8 እና በ19 መካከል ያለው ልዩነት ነው። እኛ ማትሪክ ላይ የሚቆጠርልን የጠቆረችው ክብ ብቻ ነበረች፤ እንዴት እንደደረስንባት የጠየቀን የለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሞክሮ መሳሳትን የሚፈራ ተማሪ ማሳደጋችን አንዱ ይመስለናል።

ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም። መነሻ ክፍያ ያለው ታክሲ መንገዱ እጥፍ ሲሆን ሒሳቡ እጥፍ አይሆንም። ለዚህ ዓይነቱ ሁለት ግምት ያስፈልጋል፤ ዓረቦቹ "የሁለቱ ስህተቶች ስሌት" አሉት፣ ጣሊያናዊው ፊቦናቺም እ.ኤ.አ. በ1202 ከነዓረብኛ ስሙ መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። የእኩል ምልክት በ1557፣ የዴካርት ኤክስ በ1637 ከመጡ በኋላ ነገሩ አጠረ፤ ግምቱም ከክፍል እየወጣ ሄደ።

እስኪ ጥያቄ 26ን ሞክሩት፦ አንድ መጠንና ሩቡ ሲደመሩ 15 ይሆናሉ። አህሜስ 4 ነው ብሎ ይጀምራል።