የኮድ አሰላለፍ

የፕሮግራም ኮድ መስመሮችን ከግራ ጠርዝ ገባ አድርጎ የመጀመርና ተጓዳኝ ክፍሎችን በአንድ ዓምድ የማስተካከል ልማድ። ለፓይተን ግን ልማድ ብቻ አይደለም፤ ገባ ማለቱ ራሱ የቋንቋው ሕግ ነው፤ ፓይተን 3 መስመር ለማስገባት ታብና ስፔስ አምታቶ የተጻፈን ኮድ አይቀበልም።

አሰላለፍ የሚዛባበት ችግር የሚመነጨው ከታብ ነው። ታብ እስከ ቀጣዩ ማቆሚያ ስለሚዘል ስፋቱን የሚወስነው ኤዲተሩ ነው። ከባለ 3 ፊደል ስም በኋላ ሁለት ታብ፣ ከባለ 7 ፊደል ስም በኋላ አንድ ታብ ተደርጎ የእኩል ምልክት ቢከተል፣ ታብ 4 በሆነበት ኤዲተር ምልክቶቹ ይገጥማሉ፤ 8 በሆነበት ግን አንዱ ከሌላው 8 ቦታ ይርቃል። ስለዚህ መስመር ለማስገባት ታብ፣ ዓምድ ለማስተካከል ስፔስ የሚለው፣ የጎ ቋንቋ ኮድ አስተካካይ ጎፍምት የሚከተለው ስልት ይህን ችግር ያስቀራል። የፓይተን መመሪያ ፔፕ 8 ደግሞ 4 ስፔስ ይመክራል።

ስፔስም ቢሆን የሚያስተማምነው እንደ ኩሪየር ባሉ፣ ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ባለው ፎንት ነው። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ አይበቃም፦ ብዙዎቹ የኮድ ፎንቶች የግዕዝ ፊደላት ስለሌሏቸው ኤዲተሩ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ ስፋቱም ይለያያል። በመስመሩ መሐል አማርኛ ካለ ከእሱ በስተቀኝ ዓምድ አያስተካክሉ፤ የአማርኛ ማብራሪያንም ለብቻው በራሱ መስመር ይጻፉ።