ማሳደግና ማቆየት፦ የድሚትሪ አሌኒቼቭ የተጫዋችነትና የአሠልጣኝነት ጉዞ

ስለ ሩሲያዊው አማካይ ድሚትሪ አሌኒቼቭ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የፍጻሜ ጨዋታዎች አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፖርቶ በሴቪያ ሴልቲክን 3 ለ 2 አሸንፎ የዩኤፋ ካፕን ሲያነሳ፣ በ2004 ደግሞ በጌልሰንኪርሸን ሞናኮን 3 ለ 0 ረትቶ የሻምፒዮንስ ሊግ ባለድል ሲሆን በሁለቱም ጎል አስቆጥሯል። የአሠልጣኝነት ዘመኑ ግን ከዚህ ያላነሰ ጥናት ይገባዋል፤ ከፍ ብሎ ደጋግሞ የወደቀበት ምክንያት የሚገለጠው እዚያ ነውና።

አሌኒቼቭ በ1972 በቬሊኪዬ ሉኪ ተወለደ። ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ወደ ስፓርታክ የተዛወረው በ1994 ሲሆን ያኔ ቡድኑን የሚመራው ኦሌግ ሮማንትሴቭ ነበር። የሮማንትሴቭ ስፓርታክ በአጭር ቅብብልና ኳስ በሌለበት በሚደረግ እንቅስቃሴ ይታወቅ ነበር፤ ተጫዋቹ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ቀጥሎ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ይጠበቅበታል። በ1997 የሩሲያ ምርጥ ተጫዋች ያሰኘው ይህ ብስለት ነው። በጣሊያን፣ በሮማና በፔሩጃ ያሳለፈው ጊዜ ያን ያህል አልሠመረም፤ ከዚያ ወደ ፖርቶ አቀና።

በጌልሰንኪርሸኑ ፍጻሜ ፖርቶ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ አሌኒቼቭ በ60ኛው ደቂቃ ካርሎስ አልቤርቶን ቀይሮ ገባ። ሞናኮ አቻ ለመሆን ወደፊት ሲገፋ ከኋላው ሰፊ ክፍት ቦታ ተወ። በ71ኛው ደቂቃ አሌኒቼቭ በግራ በኩል የደረሰውን ኳስ ለዴኮ መለሰለት፤ ዴኮም አስቆጠረ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተከላካይ ነክቶት የመጣለትን ኳስ ራሱ አክርሮ መታው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨዋታውን የደመደመው በፍጥነቱ ሳይሆን የት መቆም እንዳለበት በማወቁ ነው።

የተጫዋችነት ዘመኑ ያበቃው ግን ሳያምር ነው። ወደ ስፓርታክ ተመልሶ ሳለ በ2006 የክለቡን አሠልጣኝ አሌክሳንድርስ ስታርኮቭስን በጋዜጣ በግልጽ ተቸ፤ ክለቡ አገደው፤ ዳግም ለስፓርታክ አልተጫወተም።

በ2011 ከታችኛው እርከን አርሰናል ቱላን ተረከበ። ያደገበትን የቅብብል ጨዋታ እያስተማረ በ2014 ቡድኑን ፕሪሚየር ሊግ አደረሰው። በዓመቱ አርሰናል የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወረደ። በ2018 የኒሴይ ክራስኖያርስክን አሳደገ፤ እሱም በ2019 በመጨረሻ ደረጃ ወረደ። በእኔ ግምት ይህ መደጋገም የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የሮማንትሴቭ ትምህርት ኳሱ በእጃችን ነው ከሚል መነሻ ይጀምራል። በሁለተኛው እርከን ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በፕሪሚየር ሊግ ግን ትንሽ ክለብ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ተቀምቶ ነው የሚጫወተው፤ መከላከልን እንደ ዋና ሥራ መያዝ ይኖርበታል።

በመካከሉ ስፓርታክ የሰጠው ዕድልም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2015/16 ቡድኑ አምስተኛ ሆነ፤ በነሐሴ 2016 በዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ በቆጵሮሱ ኤኢኬ ላርናካ በሜዳው 1 ለ 0 ተሸንፎ ሲሰናበት አሌኒቼቭ ሥራውን ለቀቀ። የተተካው ከረዳቶቹ አንዱ በነበረው ጣሊያናዊው ማሲሞ ካሬራ ነው፤ የዚያን የውድድር ዘመን ዋንጫም ስፓርታክ ወሰደ። እርግጥ ክለቡ አዳዲስ ተጫዋቾችን አስፈርሞ ነበር፤ ልዩነቱን ሁሉ ለአሠልጣኙ መስጠት ፍትሐዊ አይሆንም።

ይሁንና በመውረዱ ብቻ የሚመዝኑት ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ አርሰናልም ሆነ የኒሴይ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛውን ሊግ የረገጡት በእሱ አሠልጣኝነት ነው።