በረዷማዎቹ ሩቅ ዓለማት እና የእንጦጦ የሌሊት ሰማይ

ከኔፕቲዩን ባሻገር፣ የፀሐይ ሙቀት እጅግ በሚደክምበት የሥርዓተ ፀሐይ ዳርቻ፣ ከዐለትና ከበረዶ የተሠሩ ቁጥራቸው የበዛ ትንንሽ አካላት ፀሐይን ይዞራሉ። ስፍራው የኩይፐር ቀበቶ ይባላል። ከእነዚህ ዓለማት ደመቅ ያሉትን ለመከታተል የሚያስችል ቴሌስኮፕ በአዲስ አበባ ራስጌ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ይገኛል። መሣሪያው ብቻውን ግን አይበቃም፤ የጠራና የጨለመ ሰማይም ያሻል።

ምን ዓይነት ዓለማት ናቸው?

በይበልጥ የምትታወቀው ፕሉቶ ናት። ከዳር እስከ ዳር ያላት ስፋት 2 ሺህ 377 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከእኛዋ ጨረቃ ታንሳለች። ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 248 ዓመታት ይፈጅባታል። የገጿ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በምድር ላይ የአየሩን አብዛኛውን ክፍል የሚይዘው፣ ገበሬውም ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር በተያያዘ ስሙን የሚሰማው ናይትሮጂን፣ በዚያ ቅዝቃዜ ጋዝ መሆኑ ቀርቶ በረዶ ይሆናል። ኒው ሆራይዘንስ የተሰኘችው የአሜሪካ መንኮራኩር ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጉዛ እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2015 በፕሉቶ አቅራቢያ ስታልፍ፣ ሰፊ የናይትሮጂን በረዶ ሜዳና ከውኃ በረዶ የተሠሩ ተራሮችን በፎቶግራፍ አሳይታለች።

መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው ኤሪስ ደግሞ በስፋት ከፕሉቶ በጥቂቱ ብታንስም በክብደት ትበልጣታለች። ፀሐይን ለመዞር ከ550 ዓመታት በላይ ይወስድባታል። የኤሪስ መገኘት “ፕላኔት ማለት ምንድን ነው?” የሚለውን ጥያቄ አስነሣ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2006 በፕራግ ባደረገው ጉባኤ፣ ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተርታ ወጥታ ድንክ ፕላኔት እንድትባል ወሰነ። ኤሪስ፣ ሃውሜያ እና ማኬማኬም በዚሁ ምድብ ይገኛሉ።

ሰብሉን በረዶ የመታበት ወጣት

ፕሉቶን ያገኛት ክላይድ ቶምባው የተባለ የአሜሪካ ገበሬ ልጅ ነው። የቤተሰቡን ሰብል በረዶ ስላወደመው ኮሌጅ የመግባት ዕቅዱ ተሰናከለ። በአሮጌ መኪናና በወተት ማለያ ማሽን ክፍሎች እየታገዘ ቴሌስኮፕ ሠራ፤ የሣላቸውን የማርስና የጁፒተር ሥዕሎች ለሎዌል ኦብዘርቫቶሪ ልኮም በዚያ ሥራ አገኘ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930፣ በተለያዩ ሌሊቶች የተነሡ ፎቶግራፎችን ሲያነጻጽር፣ ከዋክብቱ በቦታቸው ሳሉ አንዲት ነጥብ ፈቀቅ ብላ አያት። ዛሬም እነዚህ ዓለማት የሚገኙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ማነጻጸሩን ኮምፒውተር ማገዙ ነው።

ከእንጦጦ ሲታዩ

የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ሀገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ክፍል ከዚህ ይታያል።

ፈተናው ወቅቱ ነው። በዚህ ዘመን ፕሉቶ ሌሊቱን ሙሉ የምትታየው በሐምሌ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንጦጦን የክረምት ደመናና ጉም ይሸፍነዋል። መስከረም ሲጠባና ሰማዩ ሲጠራ ግን ፕሉቶ ከምሽቱ ገና አልጠለቀችም። ኤሪስ የተሻለ ዕድል አላት፤ አመቺ ጊዜዋ ጥቅምት ነው። በዚያ ወር እኩለ ሌሊት ላይ ከአናት በላይ በሚባል ከፍታ ታልፋለች። ብርሃኗ ግን ያለ መሣሪያ ከምናያቸው እጅግ ደብዛዛ ከዋክብት እንኳ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይደክማል።

የከተማው ብርሃን

ይህን የመሰለ ደካማ ብርሃን ለመያዝ ጨለማ ያስፈልጋል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከጉለሌ እስከ የካ፣ ከተማው ተዘርግቷል። ክዳን የሌለው መብራት ብርሃኑን ወደ ላይም ይረጫል፤ በአየር ላይ ያለው አቧራና እርጥበት ያንን ብርሃን መልሶ ሲበትነው ሰማዩ ይነጣል። በቅድሚያ የሚጠፉትም ደብዛዛዎቹ ናቸው። መብራት በሌለበት ገጠር በግልጽ የሚታየው ፍኖተ ሐሊብ በመሐል ከተማ የማይታየው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከተማውን ማጨለም አይደለም። የደጅ መብራትን ወደ መሬት ማዞር፣ ከላይ ክዳን ማበጀትና ሰው በማይኖርበት ሰዓት ማጥፋት በቂ ለውጥ ያመጣል። ወደ ሰማይ የሚባክን ብርሃን የሚከፈልበት ኤሌክትሪክ ነውና፣ ጥቅሙ ለቤተሰቡም ነው። ከተሞቻቸው ገና በማደግ ላይ ላሉ ወረዳዎችም ይህን ከጅምሩ ማሰብ በኋላ ከማረም ይቀላል።