«ፕላዝማ» የሚለው ቃል ታሪክና የገጽ ማሟሸት ስያሜ

ቃል ከአንድ የዕውቀት ዘርፍ ወደ ሌላው ሲሻገር አሮጌ ትርጉሙን ይዞ ይሻገራል። ተርጓሚው ይህን ካልተጠነቀቀ፣ ነገሩ የሕክምና በሆነ ጊዜ ስሕተቱ ለበሽተኛው ይተርፋል። «ፕላዝማ» ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል።

ቃሉ የጽርእ ነው፤ «የተበጀ፣ የተቀረጸ» ማለት ሲሆን፣ በግዕዝ የሸክላ ሠሪውን ሥራ ከሚያመለክተው «ለሐኰ» ጋር በትርጉም ይቀራረባል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የደምን ፈሳሽ ክፍል በዚህ ስም ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሙየር ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው የተነጠሉበትን ጋዝ ፕላዝማ አለው፤ ባልደረባው ሃሮልድ ሞት ስሚዝ እንደ መሰከረው፣ ጋዙ ቅንጣቶቹን መሸከሙ የደምን ፕላዝማ ስላሳሰበው ነው። በአገራችንም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲሰራጭ፣ ተማሪው ቴሌቪዥኑንም ትምህርቱንም «ፕላዝማ» ብሎ ጠራ። ስሙ ከነገሩ አልራቀም፤ በመስኮቱ ጥቃቅን ክፍሎች ያበራ የነበረው ያው የላንግሙየር ጋዝ ነበርና።

ዛሬ ይህ ጋዝ ለሕክምና የሚሆነውን ፕላስቲክ ለማዘጋጀት ያገለግላል። ለሕዋስ ማራቢያ የሚሆነው የፖሊስታይሪን ሳህን በተፈጥሮው ውሃ አይቀበልም፤ ሕዋስም በደንብ አይዘውም። የኦክስጅን ፕላዝማ ሲያገኘው ግን ኦክስጅን ያዘሉ ቡድኖች በገጹ ላይ ይተከላሉ፤ ውሃ ይዘረጋበታል፤ ሕዋስም ይይዘዋል። ለውጡ ከጥቂት ናኖሜትሮች እምብዛም ስለማያልፍ ውስጡ እንደ ነበረ ይቀራል። ይህን ሥራ «የፕላዝማ ሕክምና» ብለን ብንተረጉመው፣ አንባቢው ለበሽተኛ የደም ፕላዝማ መስጠት እንደሆነ ይረዳዋል። ደም ስለሚነካ ቱቦ ሲጻፍ ደግሞ ሁለቱ ፕላዝማዎች ባንድ ዐረፍተ ነገር ይገናኛሉ።

ታዲያ ምን እንበለው? በፎገራ ሜዳና በአካባቢው፣ ከወረታ እስከ ወንዛዬ ባለው አገር፣ እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ሁሉ ሁለት ግሦች በቤት ውስጥ ይገኛሉ። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ አዲስ ምጣድ በእሳት ግሎ በጎመን ዘር ይሟሻል። «ማጠን» ጋዝን ቢያስታውስም ጢስንና ሽታን ይጨምራል። «ማሟሸት» ግን የሸክላውን አካል ሳይነካ ገጹን ለሥራ ማብቃት ነው። ምጣድ የሚሟሸው እንጀራው እንዳይጣበቅ፣ ሳህኑ ግን ሕዋስ እንዲጣበቅበት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ግሡ የሚሰይመው ግን ዝግጅቱን እንጂ መጣበቅን ወይም አለመጣበቅን አይደለም። በፕላዝማ የተለወጠ ገጽም ውሎ ሲያድር ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳልና፣ «ዳግመኛ ማሟሸት» ማለትም ያስኬዳል።

ስለሆነም «የደም ፕላዝማ» እና «ጋዛዊ ፕላዝማ» ተለይተው እንዲጻፉ፣ ሥራውም «ገጽን በጋዛዊ ፕላዝማ ማሟሸት» እንዲባል እናሳስባለን። «ሕክምና» የሚለው ቃል ለሰው ይቆይ።