ሐዲዱ በማን ደጃፍ ይለፍ?

ሲያትል ቀላል ባቡር ለመዘርጋት ስትነሣ የመሬቱ አቀማመጥ ብዙ ምርጫ አልሰጣትም። ከተማዋ በምሥራቅ በዋሽንግተን ሐይቅ፣ በምዕራብ በባሕር ወሽመጥ ተይዛ ወገቧ የቀጠነ ናት፤ ባቡሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደሚሄድ ማንም አልተጠራጠረም። ጠቡ የመጣው ሐዲዱ በየትኛው ሰፈር ከመሬት በታች እንደሚገባ፣ በየትኛው ሰፈር ደግሞ አስፋልት መሃል እንደሚወጣ ሲታወቅ ነው። በሰሜን በኩል፣ በካፒቶል ሂልና በዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ መንገዱ ዋሻ ነበር። በደቡብ ግን ባቡሩ ሬኒየር ቫሊ ሲደርስ ብቅ ይልና ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መሃል፣ ከመኪናው ጋር በትራፊክ መብራት እየተዳኘ ይጓዛል። ሰሜኑ በአመዛኙ የነጮች ሰፈር ነው። ደቡቡ የጥቁሮች፣ የእስያውያንና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኞች መኖሪያ ነው። የሸለቆው ነዋሪዎች ይህን ለማየት የኢንጂነር ዕውቀት አላስፈለጋቸውም።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሬኒየር ቫሊን መጀመሪያ ሰፈር ያደረገውም ባቡር ነው። በ1891 ከመሃል ከተማ የተነሣው የኤሌክትሪክ ባቡር ጫካ ሰንጥቆ ኮሎምቢያ የሚባል አዲስ መንደር ደረሰ፤ ሐዲድ የዘረጉትና መሬት የሚሸጡት ሰዎች በጥቅም የተሳሰሩ ነበሩ። መንደሯ በ1907 ከሲያትል ጋር ተቀላቀለች። መስመሩ በኋላ እስከ ሬንተን ቢዘልቅም በገንዘብ ችግርና በክርክር ሲናጥ ኖሮ በ1937 ተዘጋ፤ ሐዲዱም ተነቀለ። በዚያ ዘመን የሸለቆው ሰሜናዊ ጫፍ የጣሊያን ስደተኞች ሰፈር ስለነበር ሰዉ በምግባቸው ሽታ እየቀለደ የነጭ ሽንኩርት ሸለቆ ይለው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌላ ቦታ ቤት መግዛት የተከለከሉ ጥቁር ቤተሰቦች ወደ ደቡብ መጡ፤ ፊሊፒናውያን ተጨመሩ፤ ከ1975 በኋላ ደግሞ ቬትናሞች፣ ካምቦዲያውያንና ላኦዎች። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ ቀጥለውም ሶማሌዎች ደረሱ። በሬኒየር አቬኑና በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ላይ የእንጀራ ቤቱ፣ የቬትናም ሾርባ ቤቱና የጸጉር ሥራው ደጃፍ ለደጃፍ ተደረደረ። ጎዳናው ራሱ ቀድሞ ኢምፓየር ዌይ ይባል ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዶክተር ኪንግ ስም እንዲጠራ ሲወሰን አንዳንድ ነጋዴዎች ተቃውመው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ መካሰስ በባቡሩ አልተጀመረም።

ከተማዋ ባቡር ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወድቃ ተነሥታለች። በ1968 ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው የፈጣን ባቡር ዕቅድ 50.8 በመቶ ድጋፍ አገኘ፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን 60 በመቶ ነበር። በ1970 ቦይንግ ሠራተኛ በገፍ በሚያሰናብትበት ወቅት ዕቅዱ እንደገና ቀረበና ድጋፉ ወደ 46 በመቶ ወረደ። ለሲያትል ታስቦ የነበረው የፌዴራል ገንዘብ አትላንታ ገብቶ የዚያችን ከተማ ባቡር ሠራበት፤ የሲያትል ሰዎች እስከ ዛሬ ይህን እያነሡ ይቆጫሉ። በ1995 ሦስተኛው ሙከራም ወደቀ። በኅዳር 1996 ግን ሳውንድ ትራንዚት የተባለው የትራንስፖርት ድርጅት ያቀረበው የ3.9 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ አለፈ። ያ ሁሉ ሽንፈት ባለሥልጣናቱን ምን እንዳስተማራቸው መገመት አይከብድም፤ ወጪ ይቀነስ፣ የተባለው ቀን አይለፍ። ወጪ ለመቀነስ ደግሞ ዋሻን ትቶ መሬት ላይ መዘርጋት የመጀመሪያው መላ ነው።

የድርጅቱ ቦርድ በኅዳር 1999 መስመሩን አጸደቀ። በሸለቆው ውስጥ የተቋቋመው «ሸለቋችንን እናድን» የተባለው ቡድን ጥያቄው አጭር ነበር፤ ለሰሜኑ ዋሻ ከተቆፈረ ለእኛም ይቆፈርልን። ባቡር አንፈልግም አላሉም። ሥጋታቸው ሦስት ነገር ላይ ያተኮረ ነበር፦ መንገዱ ሲሰፋ የሚነሡ ቤቶችና ሱቆች፣ ለዓመታት በሚዘልቀው ቁፋሮ ምክንያት ደንበኛ የሚያጡ ነጋዴዎች፣ ትምህርት ቤት ለመሄድ ሐዲድ የሚያቋርጡ ልጆች። ድርጅቱ በበኩሉ የሰሜኑ ዋሻ የመጣው ከተራራውና ከውኃው የተነሣ ነው፣ ሸለቆው ግን ሜዳ ነው አለ። ይህ መልስ ግማሽ እውነት አለው። ባቡሩ ሸለቆው ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ቢከን ሂል ኮረብታ ስለሆነ በዋሻ ተሻግሯል፤ ጣቢያው 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ስላለው ተሳፋሪው በአሳንሰር ብቻ ነው የሚወርደው። ያም ሰፈር የሀብታም ሰፈር አይደለም። ይሁን እንጂ ሜዳ መሆን ብቻውን ሐዲዱን መንገድ መሃል አያደርገውም፤ ሜዳውንም ቆፍሮ መሸፈን ይቻላል፣ ዋጋው ነው ልዩነቱ። በሸለቆው ውስጥም ሁሉም አንድ ድምፅ አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት ኢንቨስትመንት የራቀው ጎዳና አዲስ አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ካገኘ ይሁን የሚሉ የሰፈር መሪዎችም ነበሩ።

ከዚህ ክርክር የተገኘው ትልቁ ነገር ገንዘብ ነው። ለሬኒየር ቫሊ ማኅበረሰብ የ50 ሚሊዮን ዶላር የልማት ፈንድ ተቋቋመ፤ ግንባታው ገበያቸውን ለሚዘጋባቸው ሱቆች መደጎሚያ፣ ለሚነሡት መዛወሪያ፣ በኋላም ለአነስተኛ ንግድና ለቤት ግንባታ ብድር የሚውል። በአሜሪካ የባቡር ግንባታ ታሪክ ለአንድ ሰፈር እንዲህ ያለ ካሳ የተለመደ አይደለም። አፍ መዝጊያ ነው ያሉት ነበሩ። ለአንዲት ባለ ሱቅ ግን የዓመት ኪራይ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2000 ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። የግንባታው ወጪ ከታሰበው አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚበልጥና ሥራው ሦስት ዓመት እንደሚዘገይ ይፋ ሆነ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በቀጣዩ ወር ለቀቁ፤ የፌዴራሉ የ500 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍም ተንጠለጠለ። ድርጅቱን የተረከቡት ጆኒ ኧርል ሒሳቡን ከሥር ጀምረው አስመረመሩ፤ ገንዘቡን የበላውም በሰሜን በኩል በውኃ ሥር ሊያልፍ የታሰበው ዋሻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቦርዱ በ2001 ሰሜኑን አቆየውና መጀመሪያ ከመሃል ከተማ ወደ ደቡብ፣ ርካሹ ባለበት በኩል እንዲሠራ ወሰነ። ዋሻ የተከለከለው ሸለቆ ባቡሩን ቀድሞ አገኘ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ጣቢያ የተከፈተው በመጋቢት 2016 ነው፤ ከሸለቆው ስድስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ዘግይቶ። የሆስፒታሎች መናኸሪያ የሆነው ፈርስት ሂል ደግሞ በዋሻ ካርታው ላይ ጣቢያ ተይዞለት ሳለ በ2005 ተሰረዘና በምትኩ ትራም ተሰጠው።

የሸለቆው ሰዎች ክሳቸውን አልተዉም። የመብት ጥያቄ ነው ብለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ድርጅቱ ጉዳቱን በአናሳ ዘሮች ላይ ከምሯል የሚል ነበር አቤቱታው። ጊዜው ግን ከእነርሱ ጋር አልነበረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 በሌላ መዝገብ፣ ግለሰቦች በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት በወጡ ደንቦች ክስ መመሥረት የሚችሉት ሆን ተብሎ ለተፈጸመ መድልዎ እንጂ ጉዳቱ ባልተመጣጠነ ሁኔታ ስለ ወደቀባቸው እንዳልሆነ ወስኖ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጠው ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2003 ያንን ተከትሎ በሌላ በር ለመግባት የሞከሩበትንም መንገድ ዘጋው። ሸለቆው በእርግጥ ተጎድቷል ወይስ አልተጎዳም የሚለው ጥያቄ በሙሉ ክርክር ሳይፈተሽ ቀረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የመሠረት ድንጋይ ተጣለ።

ከሸለቆው ቀጥላ ያለችው ትንሿ ከተማ ተክዊላ ያገኘችውን ማየት ይጠቅማል። ተክዊላ ባቡሩ በዋና ጎዳናዋ እንዲያልፍ አልፈቀደችም፤ ጎዳናውን በራሷ ገንዘብ እያሻሻለች ነበር። የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ስላላት ድርጅቱ ሊያልፋት አልቻለም። ሐዲዱ ተነሥቶ በድልድይ ላይ ከአውራ ጎዳናው ጎን ለጎን ተዘረጋ። ዛሬ ከሬኒየር ቢች የተነሣ ተሳፋሪ ቀጣዩን ጣቢያ የሚያገኘው ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛውን በአየር ላይ፣ ከተጓዘ በኋላ ነው። ሸለቆው ከተክዊላ የበለጠ ነዋሪ ቢኖረውም ሰፈር እንጂ ከተማ አልነበረም፤ ማኅተም የለውም።

መስመሩ ሐምሌ 18 ቀን 2009 ተከፈተ፤ ወደ 22 ኪሎ ሜትር፣ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አየር ማረፊያው ደረሰ። ኤርፖርት ለሚሠሩት የሸለቆው ሐበሾች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳናም ተለወጠ፦ የመብራት ገመዱ ከመሬት በታች ገባ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ ዛፍ ተተከለ። የተፈራው አደጋም ቀረ አይባልም፤ እግረኞችና መኪኖች በባቡር ተገጭተዋል፣ ሕይወትም ጠፍቷል፣ ድርጅቱ እስከ ዛሬ መሻገሪያዎቹን ያሻሽላል።

ስለ መፈናቀሉ ግን ከሳሾቹ የገመቱት በሌላ መልክ ነው የመጣው። ሰዉን ያስነሣው የመንገድ ማስፋፊያው ብቻ ሳይሆን ከባቡሩ በኋላ ጣቢያዎቹ ዙሪያ የበቀለው አፓርታማ፣ ከሲያትል የቴክኖሎጂ ሀብት ጋር የጨመረው ኪራይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ወደ ሬንተን፣ ኬንትና ተክዊላ ወርደዋል፤ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ሲፈልጉ ወደ ሸለቆው ይመለሳሉ። በሬኒየር አቬኑ ላይ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ በራሱ ይዞታ ለአረጋውያን «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የተባለውን ተመጣጣኝ ኪራይ ያለው ሕንፃ ያሠራው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባም በ2015 የመጀመሪያውን ቀላል ባቡር ስታስነሣ ተመሳሳይ ምርጫ አድርጋለች፤ ከ34 ኪሎ ሜትሩ ብዙው መንገድ መሃል የተዘረጋ ነው። እዚያ ጎልቶ የተሰማው ክርክር ግን በ2013 ከቦታው ተነሥቶ በ2016 ስለ ተመለሰው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነበር። የሐዲዱ አጥር ሰፈርን ከሰፈር ስለ መለየቱ ሰው አብዝቶ መናገር የጀመረው ማዶ ላለ ሱቅ ረጅም መንገድ መዞር ከጀመረ በኋላ ነው።

ሲያትል ውስጥ ሙግቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አላበቃም። መራጮች በ2016 የ54 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ሲያጸድቁ ለመሃል ከተማው ሁለተኛ ዋሻ ታሰበ፤ ጣቢያው ቻይናታውን ውስጥ በአራተኛው አቬኑ ይሁን በአምስተኛው የሚለው ጥያቄም ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው። በ1960ዎቹ አውራ ጎዳና መሃሉን የሰነጠቀው ሰፈር ስለሆነ ጆሮው ለግንባታ ድምፅ ስል ነው። ቦርዱ በመጋቢት 2023 ሁለቱንም ትቶ ከሰፈሩ በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ ያሉ ቦታዎችን በተመራጭነት ያዘ፤ አንዱ ወገን ሰፈራችን ተረፈ አለ፣ ሌላው ባቡሩ አመለጠን አለ። በዚያው የ2016 ድምፅ ውስጥ ለሬኒየር ቫሊም አንድ ነገር ነበረበት፦ ከኮሎምቢያ ሲቲ እስከ ኦቴሎ ባለው ረጅም ርቀት መሃል፣ በመጀመሪያው ግንባታ ወጪ ለመቀነስ የተተወው የግሬም ስትሪት ጣቢያ። ባቡሩ አሁንም ሳይቆም ያልፈዋል።