ኮረኮንች ብስክሌት

«ግራቭል ባይኪንግ» የሚለው ስያሜ በብስክሌት ስፖርት ውስጥ ከተለመደ ብዙ ጊዜ አልሆነውም። ትርጉሙ አስፋልት ባልለበሰ መንገድ ላይ ረጅም ርቀት በብስክሌት መጓዝ ነው፤ ለመዝናናትም ለውድድርም ይሆናል። ብስክሌቱ ከሩቅ ሲያዩት ኮርስ ይመስላል፤ መሪው ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጎማው ላይ ግን ይለያል። የኮርስ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ፣ የዚህኛው ከ35 ተነሥቶ 50 ይደርሳል። ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ማርሹ ለዳገት እንዲቀል ተደርጎ የተመጠነ ነው፤ በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከልም ጭቃ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። ማውንቴን ብስክሌት የሚሠራው ለገደላገደልና ለቀጭን የጫካ መንገድ ነው፤ ይህኛው ግን የጭነት መኪና፣ በቅሎና እግረኛ ለሚጋሩት መንገድ።

ስፖርቱን ያገነነችው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የምትገኘው ኤምፖሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያ የተጀመረውና ዛሬ «አንባውንድ ግራቭል» የሚባለው ውድድር ዋና ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁሉም በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል በሚያልፍ የጠጠር መንገድ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ውስጥ አካሄደ። ጎረቤታችን ኬንያ ከዚያ ቀድማለች፤ በማሳይ ማራ አካባቢ የሚካሄደው «ማይግሬሽን ግራቭል ሬስ» የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ጋላቢዎችን ቲም አማኒ በተባለው ቡድን ሥር ካሰባሰቡት አንዱ የነበረው ኬንያዊው ሱሌ ካንጋንጊ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት በውድድር ላይ ሳለ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ስለዚህ ስፖርት በአፍሪካ ሲነሣ ስሙ መነሣት አለበት።

ወደ አማርኛው እንምጣ። የመንገድ መሥሪያ ቤቶች «ጠጠር መንገድ» ይላሉ፤ ስለዚህ «የጠጠር መንገድ ብስክሌት» ማለት ይቻላል። ስህተት የለበትም፤ ግን ይረዝማል፣ ደግሞም መንገዱ የለበሰውን ብቻ ይናገራል። ብዙ የቀበሌ መንገድ ላይ ጠጠሩ በጎርፍ ታጥቦ የቀረው ቀይ አፈር ነው። ከጣሊያንኛ የመጣው «ፒስታ» አለ፤ የቆዩ ሾፌሮች ይሉታል፤ ወጣቱ ግን ብዙም አይጠቀምበትም። እኔ የምመርጠው «ኮረኮንች ብስክሌት» የሚለውን ነው። ኮረኮንችን በገጠር አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሁሉ በወገቡ ያውቀዋል፤ ጠጠሩን፣ ጉድጓዱን፣ ጎርፍ የሸረሸረውን ሁሉ አንድ ላይ ይይዛል። ለድርጊቱ «የኮረኮንች ግልቢያ»፣ ለሰውየው «ኮረኮንች ጋላቢ» ቢባል ያለችግር ይሄዳል።

አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ኮረኮንች የምሬት ቃል ነው። ቡናው በዝናብ ምክንያት ሳይጫን የሰነበተበት ገበሬ፣ ወላድ በቃሬዛ የተሸከመ ቤተሰብ ይህን ቃል በፍቅር አይጠራውም። ምሬቱ ትክክል ነው፤ መንገዱም መሠራት አለበት። ነገር ግን ዋናው መስመር አስፋልት ቢለብስም ወደ ቀበሌዎች የሚገነጠሉት መንገዶች ለረጅም ጊዜ ጠጠርና አፈር ሆነው ይቆያሉ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሁለንተናዊ ገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም እንኳ ለቀበሌዎች ያዳረሰው ጠጠርና አፈር ነው። ብስክሌቱ ለእነዚያ መንገዶች ነው።

ለዚህ ስፖርት የሚስማማ አገር ፈልጉ ብባል ጣቴን ኢሉባቦር ላይ አደርጋለሁ። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎሬ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,000 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲሄዱ ራስ እምሩ ጊዜያዊውን መንግሥት የመሩት ከዚያ ሆነው ነው። ያደገችውም በመንገድ ነው። ቡናው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ እስከ ካርቱም። ያ ቁልቁለት ከ2,000 ሜትር ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ዛሬ ዋናው መስመር አስፋልት ነው፤ ግራና ቀኝ የሚገነጠሉት ግን ገና ኮረኮንች ናቸው።

በውጭ አገር ይህ ስፖርት ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ረግረግ ነው። በእንግሊዝና በኔዘርላንድ ባሕሩ መሬቱን እንዳያጥለቀልቅ በተሠራው የአፈር ክትር ላይ፣ በአንድ ወገን ውሃ በሌላው ወገን ግጦሽ እያዩ ይነዳሉ። እኛ ባሕር የለንም፤ ረግረግ ግን አለን፣ ኢሉባቦር ውስጥ በየሸለቆው። ልዩነቱ የእኛው የሚገኘው በወንዙ መነሻ መሆኑ ነው። ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይባላል፤ ባሮ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ጎሬ አካባቢ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ውሃውን ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ የሚለቁት እነዚህ ረግረጎች ናቸው።

ስማቸው ጨፌ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም የሚባል ቃል ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» የተባለውም የገዳ ሸንጎ ከሚቀመጥበት ለምለም መስክ ተነሥቶ ነው። ጠርዙ ላይ ቆም ብለው ቢያዩ ከወገብ በላይ የሚደርስ ሣር ነው፤ አንዱን ዘንግ ቆርጠው በጣትዎ ቢያሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን እንዳለው ይሰማዎታል። ቤት የሚከደነው በዚህ ነው፤ በዓል ሲሆንና ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘውም እርሱ ነው። ከጠርዙ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ እንስራና ጀሪካን የሚሞላው ከዚያ ነው።

ጨፌ ይታረሳልም። ገበሬው ዝናቡ ሲያባራ ቦይ ቀድዶ ውሃውን ያንጠፈጥፍና በቆሎ ይዘራል፤ የደጋው ማሳ ሳይደርስ፣ ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ወቅት የሚበላው ይህ በቆሎ ነው። የቦይ ቆፈራውንና ጠረጋውን የሚያስተባብረው ሰው አባ ላጋ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የእንግሊዙ ሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በመቱ ዙሪያ ያካሄዱት ጥናት ይህን የገበሬ ዕውቀት በሰፊው መዝግቧል። ምንጩ ያለበትን ራስጌ ሳይነኩ፣ ዙሪያውን ያለውን ዛፍ ሳይመነጥሩ፣ ቦዩን ሳያጠልቁ ያረሱት ጨፌ ይሰነብታል፤ ሁሉንም በአንዴ ያደረቁት ግን ሣሩ ጠፍቶ ደረቅ ግጦሽ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለብስክሌት ጋላቢ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። የኢሉባቦር መንገድ በጋራው ጀርባ ይሄድና ወደ ሌላው ጋራ ለመሻገር ሲወርድ የጨፌውን አንገት ይቆርጣል። እዚያ መንገዱ በአፈር ተደልድሎ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ተቀብሯል። ቱቦው ከልክ በላይ ዝቅ ብሎ ከተቀበረ የላይኛው ጨፌ ይደርቃል፤ ከተደፈነ ውሃው ከላይ ይተኛና የታችኛው ይጠማል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን አያየውም። ቁልቁለቱን በፍሬን ወርዶ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት የሚተነፍስ ብስክሌተኛ ግን በትክክል የሚቆመው እዚያ ቱቦ ላይ ነው፤ የደፈነውን ቅጠልና ደለል አይቶ ለቀበሌው መናገር ይችላል፣ ቀላል ከሆነም በእጁ ማንሣት። ጨፌው ውስጥ ግን ብስክሌት አይገባም። እርጥብ ሣር ላይ የጎማ ፈለግ ሲደጋገም ቦይ ይሆናል፤ ውሃው ያንን ተከትሎ ይፈስሳል። መንገዱ ካለቀ ወርዶ፣ ብስክሌቱን ይዞ፣ በጠርዙ ያለውን የእግር መንገድ መከተል ይሻላል፤ ከብት ከፊት ከመጣም ቅድሚያው የከብቱ ነው።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። በክረምት የአካባቢው ቀይ አፈር ጎማ ላይ እየተጠቀለለ በጎማና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ብስክሌቱ ይሸከማል ከማለት ይልቅ ይሸከሙታል ማለት ይቀላል። ጎማውንም እስኪጠነክር አይንፉት። ለስላሳ ሲሆን ጠጠሩን ይይዛል፣ እጅንም ያሳርፋል፤ በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ጠርዙ ድንጋይ መትቶ የውስጥ ጎማውን ይቀድዳል። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና መንፊያ ይያዙ፤ ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ውስጥ ነው።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ በተካፈለችበት በሜልቦርኑ ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባን ይዛ ተወዳድራለች፤ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁለቱም የሚታወቁት በአስፋልት ነው። ኮረኮንቹን ለሚጀምር ሰው የምመክረው መስመር ከመቱ ወደ በቾ ያለውን፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ነው። በቡና ጫካ መካከል ያልፋል፤ ጉሬዛም ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታያል። ከበቾ ወዲያ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ በእግር ይሄዱታል፤ ብስክሌቱን ለአካባቢው ሰው አደራ ብለው፣ የመንገድ መሪ ወጣት ይዘው፣ ሶር 20 ሜትር ያህል ወደሚወረወርበት ፏፏቴ።